ኬኩ ይቅርብን፣ መንገዱ ይከፈትልን!

የዛሬው ወጋችን ስለ ልደት ነው። ስለ ገና ወይም ስለ መውሊድ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ እኛ ስለ ተራዎቹ ሰዎች ልደት ነው። በፊኛ፣ በሻማ፣ በኬክና በ«ሰርፕራይዝ» ስለሚከበረው። አሶሳ ውስጥ ትዳር ከያዝን ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነን ጓደኛሞች በተገናኘን ቁጥር ወሬያችን እሱ ሆኗል። «የልጁ አንደኛ ዓመት መቼ ነው? አዳራሽ ያዛችሁ? ዲኮሩን ማን ይሠራላችኋል? ስንት አላችሁ?» ዋጋው ሲነገር ዝም እንላለን። ዝምታው ያልፍና ደግሞ ክርክሩ ይጀመራል።

ክርክሩ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ልደት ተከብሮልን ነው እንዴ ያደግነው?» ይላል። ሁለተኛው «ልጁ አንድ ዓመት የሚሞላው አንዴ ነው! ተበድሬም ቢሆን አከብራለሁ» ይላል። እኛ ከሁለቱም አይደለንም። ልደት መከበር አለበት እንላለን፤ ግን በአዳራሽ ሳይሆን በመንገድ ላይ። «በመንገድ ላይ?» ብላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ትንሽ ታገሱን።

በቅድሚያ «የፈረንጅ ነው» ለሚሉት መልስ እንስጥ። ልደት ማክበር ለዚህ አገር እንግዳ ሆኖ አያውቅም። የታኅሣሥ 29 በዓል ስሙ ራሱ ልደት ነው። መውሊድም ትርጉሙ ያው ልደት ነው፤ ሁለቱም በብሔራዊ ደረጃ የሚከበሩ በዓላት ናቸው። ግንቦት 1 ቀን ደግሞ የእመቤታችን ልደት ነው ተብሎ ጎረቤት ተጠራርቶ ከቤት ውጪ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል። ታዲያ ይሄ የልደት ድግስ አይደለም? ያውም ደጅ ላይ፣ ያለ አዳራሽ ኪራይ! በንጉሡ ዘመንም ሐምሌ 16 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ነው ተብሎ መሥሪያ ቤት ይዘጋ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

እንግዲህ አዲሱ ነገር ልደት መከበሩ አይደለም። አዲሱ ነገር የአንድ ተራ ልጅ ልደት መከበሩ ነው። ድሮ ልደት የነበረው ለቅዱሳን፣ ለነቢያትና ለነገሥታት ነበር። ዛሬ የባጃጅ ሹፌር ልጅም የልደት ቀን አላት። ይህን እንደ ብልሹ ባህል ከማየት ይልቅ እንደ ሹመት ብናየው ይሻላል። አንድ ማኅበረሰብ ተራ ሰው የተወለደበትን ቀን ማስታወስ ከጀመረ የዚያን ሰው ሕይወት ዋጋ ሰጥቶታል ማለት ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የተነገረን ነገር ቢኖር «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» የሚሉትን ጥያቄዎች ሳንመልስ ዜና እንዳንጽፍ ነበር። እስቲ እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ ወደ ገዛ አያቶቻችሁ ሂዱ። «ማን» ይመለሳል። «የት» ይመለሳል። «መቼ» ላይ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይበላሻል። «በድርቁ ጊዜ»፣ «ሰፈራ በመጣን በዓመቱ»፣ «ደርግ ሊወድቅ ሲል»፣ «ያ ትልቁ በሽታ የገባ ጊዜ»… ልብ በሉ! የአያቶቻችን ዕድሜ የተቆጠረው በመከራ ነው። በደስታ የተቆጠረ ዓመት ፈልጋችሁ ብታገኙ «እሷ የተወለደችው እገሌ በተዳረ በሳልስቱ ነው» የሚለውን ነው፤ እሱም ስንት ቤት ይገኛል?

ነገሩ የአያቶቻችን ብቻም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ልደታቸው የተመዘገበው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሦስት! የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላም ቢሆን ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መገባደጃ ላይ ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ሕፃን በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዛሬ ደግሞ ፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት የሚሰለፍ ሁሉ «የትውልድ ቀን?» ይባላል። ያን ጊዜ ሰው ወደ ጣራ ያያል፣ ይገምታል፣ «መስከረም 1 በሉት» ይላል። በስደት ወደ ፈረንጅ አገር የሄዱ ወገኖቻችንም የዚሁ ዕጣ ደርሷቸዋል። ቀናቸውን ስለማያውቁ ወረቀታቸው ላይ «ጃንዋሪ 1» የተጻፈባቸው ስንቶች ናቸው! አንድ ሙሉ ሰፈር በአንድ ቀን የተወለደ ይመስላል።

እዚሁ ቅርባችን ያለ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ከአሶሳ ወደ 45 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ባምባሲ አጠገብ የሱዳን ስደተኞች መጠለያ አለ። በኢትዮጵያ የስደተኞች ልደት፣ ጋብቻና ሞት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ዜጎቹ ሁሉ በመንግሥት መዝገብ መስፈር የጀመረው በጥቅምት 2010 ሲሆን፣ ይፋ የተደረገውም እዚያው ባምባሲ መጠለያ ነበር። ከዚያ በፊት በመጠለያ የተወለደ ሕፃን በየትኛውም አገር መዝገብ ላይ አልነበረም። እስቲ አስቡት፤ አገሩን ጥሎ የመጣ አባት ሁሉን ነገር አጥቶ በመጨረሻ በእጁ የያዘው ወረቀት የልጁን የልደት ቀን የሚናገር ነው። ለዚያ አባት ልደት የፊኛ ጉዳይ አይደለም። «ልጄ አለች» የማለት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለወጣት ባለትዳሮች የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው። አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ። ልጃችሁን የሁለት ሺህ ተከታይ ቲክቶክ ላይ ያየው ይሆናል፤ የቀበሌው መዝገብ ግን አያውቀውም። ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ውርስ ሲነሳ፣ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የተባለች ልጅ ፍርድ ቤት ስትቆም የሚጠየቀው ያ ወረቀት ነው፤ የኬኩን ፎቶ ማንም አይጠይቃችሁም። ጳጉሜ 6 ለሚወለዱት ደግሞ ልዩ ሰላምታ እናቀርባለን፤ በ2015 ጳጉሜ 6 የተወለደ ልጅ የገዛ ቀኑን ዳግም የሚያየው በ2019 ነው። የሱ ወላጆች እንኳ ወጪ ተቀንሶላቸዋል!

አሁን ወደ አዳራሹ እንመለስ። በከተማችን የአንድ ዓመት ልደት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። የፊኛ ቅስት፣ የልጁ ፎቶ ያለበት ባነር፣ ሁለት ፎቅ ኬክ፣ ፎቶ አንሺ፣ ለልጁ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ለእናቱ አንድ ቀሚስ፣ ለእንግዳ ምሳ። ልጁ በሙዚቃው ጩኸት ደንግጦ ሲያለቅስ ያመሻል። ኬኩ ሲቆረስ ተኝቷል። እናት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምራ ስትንጎራደድ የዋለችበትን ቀን በፎቶው ላይ ፈገግ ብላ ታያለች እንጂ አልኖረችበትም። አባት ከፎቶው ጥግ ቆሞ ሒሳብ ያሰላል። ቁጠባ ማኅበር ያበደረው ገንዘብ እስከ ሁለተኛው ልደት ተከፍሎ እንደማያልቅ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የባልና ሚስቱ የራሳቸው ልደትም ከዚህ አይሻልም። ድሮ እናትና አባታችን አንዱ የሌላውን የልደት ቀን ስለማያውቁ በሱ አይጣሉም ነበር። ዛሬ ፌስቡክ ያስታውሳል፤ ባል ይረሳል። ሚስት ቀኑን ሙሉ አንድም ነገር ሳትናገር ትጠብቃለች። ማታ ላይ «ምነው ዝም አልሽ?» ይላታል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ጨርሱት። ስለ ፍቅር ያለን ሐሳብ በሙሉ ወደ አንድ ምሽት፣ ወደ አንድ ስጦታ፣ ወደ አንድ «ፖስት» ተጨምቆ ሲገባ ትዳሩ ይጨንቀዋል።

እኛ ኬክ እንጠላለን ማለት አይደለም። (ጓደኞቻችን ይህን ሲያነቡ እንዳይስቁብን!) የምንለው፣ ያው ገንዘብና ያው ቀን ሌላ ነገር ሊገዛ ይችላል ነው። በጠዋት ተነስቶ፣ ድፎ ዳቦና ውኃ ይዞ፣ አያት አክስቱን ጭኖ፣ ከተማውን ለቆ መውጣት። ይህን ነው «በመንገድ ላይ» ያልነው።

የት ይኬዳል? ይሄ ጥያቄ ራሱ ችግራችንን ያሳያል። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን ለልደታቸው ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ወንጪ ይሄዳሉ። እኛ አሶሳ ተቀምጠን የእነሱን ፎቶ እያየን «ታድለው!» እንላለን። እኛስ ምን ጎደለን? በማንጎ ወቅት ከከተማው ወጣ ስንል ፍሬ የተሸከሙ ዛፎች መንገዱን ተከትለው ይቆማሉ። የቆላ ቀርከሃው ጫካ አለ፤ ይህ ቀርከሃ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ እንደሚደርቅ ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል? ሆሞሻ አለ። ወደ ሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንሄድ ኩርሙክ ላይ አገሩ አልቆ ሱዳን ይጀምራል፤ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሺዎች የተሻገሩበት በር እሱ ነው። በበርታዎች ሠርግና በዓል ላይ የዙምባራ መለከቶች አንዱ ያንዱን ድምፅ እየተቀበሉ አንድ ዜማ ሲሠሩ ቆሞ የሰማ ልጅ፣ «ሃፒ በርዝደይ»ን በድምፅ ማጉያ ከሰማው የሚረሳው የቱን ይመስላችኋል?

የአዲስ አበባ አንባቢዎቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ሸጎሌ የሚለውን የታክሲ ጥሪ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው፤ የአሶሳ ገዥ ከነበሩት። ቤኒሻንጉል በ1890 ገደማ በራስ መኮንን ዘመቻ ወደ ምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ የእኚህ ሰው ስም ከአሶሳ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ ሰፈር ሆኖ ቀረ። እናንተ በየቀኑ የአሶሳን ስም እየጠራችሁ ትሳፈራላችሁ፤ አሶሳን ግን አታውቋትም። እኛም ብንሆን የምናውቃት ከቤት እስከ ቢሮ ነው።

በክልላችን በየዓመቱ ልደቱ በድምቀት የሚከበር አንድ ነገር አለ፤ እሱም ሰው አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ጉባ ላይ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ ነው። በየዓመቱ መጋቢት 24 ሲመጣ ሰልፍ አለ፣ ዘፈን አለ፣ ቦንድ አለ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017፣ ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ንጋት የተባለው ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። በዚያ ዓመት የተወለዱ ልጆች ግድቡ ሲመረቅ የ14 ዓመት ጎረምሶች ነበሩ። ወላጆቻቸው ከደመወዛቸው ቆርጠው ቦንድ ገዝተዋል። አሁን እንጠይቅ፤ ከእነዚያ የአሶሳ ልጆች ስንቶቹ ግድቡን በዓይናቸው አይተውታል? ግድቡ ያለው በራሳችን ክልል፣ በመተከል ዞን ነው። አብዛኞቻችን ግን የምናውቀው ልክ እንደ ጎንደርና እንደ ጅጅጋ ሰው በቴሌቪዥን ነው።

ለምን? መልሱ ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ እዚህ ጨርሰን «ተነሱ፣ ተጓዙ!» እንላችሁ ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ ይከብዳል።

በእኛ ቤቶች «ጉዞ» የሚለው ቃል የደስታ ቃል ሆኖ አያውቅም። በአሶሳ ዙሪያ በቁጥር የሚጠሩ አምባዎች አሉ። በደርግ ዘመን፣ በተለይም በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ከወሎ በአውቶቡስና በአውሮፕላን ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች የኖሩባቸው መንደሮች ናቸው። ከእነዚያ አምባዎች የወጡ የኛ ዕድሜ ልጆች አያቶቻቸው በሕይወታቸው ያደረጉት ረጅሙ የቤተሰብ ጉዞ ያ ነበር። አልመረጡትም። ወዴት እንደሚሄዱ በቅጡ የነገራቸው አልነበረም። በመንገድ ላይ ሰው ቀብረዋል። ለነባሩ የበርታ ገበሬም ያ ጉዞ መሬቱ ላይ ሳይጠየቅ የደረሰ እንግዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጉዞ ማለት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መሄድ፣ ለለቅሶ መሄድ፣ ግጭት ሲነሳ መሸሽ ሆነ።

አሁንም አንድ ሰው ከአሶሳ አዲስ አበባ ልሂድ ካለ ወደ 670 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል። ባምባሲ፣ መንዲ፣ ነጆ፣ ጊምቢ፣ ነቀምቴ፣ ባኮ፣ አምቦ… ስሞቹን ስንዘረዝራቸው የጂኦግራፊ ፈተና ይመስላሉ፤ ለኛ ግን የጭንቀት ዶቃዎች ናቸው። ወሎ ድረስ ዘልቆ የአያቱን አገር ልይ የሚል ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። በመስከረም 2011 ከአሶሳ ስብሰባ ወደ ካማሺ ሲመለሱ የነበሩ የዞን ባለሥልጣናት በመንገድ ላይ ተገደሉ፤ ተከትሎ በመጣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከካማሺና ከአጎራባች ወረዳዎች ተፈናቀለ። ልብ በሉ፤ የሄዱት በዚያው በገዛ ክልላቸው ውስጥ ከከተማ ወደ ዞናቸው ነበር። የክልሉ አቀማመጥ ነውና ከአሶሳ ካማሺ ለመድረስ ወለጋን አቋርጦ ማለፍ ግድ ነው። በአባይ ማዶ ባለው መተከል ደግሞ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ። የልደት ቀናቸውን የመዘገበላቸው ይኑር አይኑር ፈጣሪ ይወቅ፤ የሞቱበት ቀን ግን ተመዝግቧል።

ከነዚያ ዓመታት ወዲህ አሶሳ ውስጥ አንድ አዲስ ሰላምታ ተፈጥሯል። «ደህና አደርክ? ልጆች ደህና ናቸው?» ከተባለ በኋላ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይባላል። መልሱን የሚያውቁት የአገር አቋራጭ ሹፌሮች ናቸው። እነሱ «ይሻላል» ካሉ ይኬዳል። «ቆይ» ካሉ ይቀራል። መንገዱ ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፣ ተዘጋ ሲባል ይከፈታል። ብር ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል። አራት ሰው ሆኖ በአንድ ደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ ግን የአውሮፕላን ትኬት አራት ጊዜ አይቆርጥም።

እና ምን ይሆናል? አያት የልጅ ልጃቸውን በስልክ ያዩታል። «እስቲ ፊቱን አዙሪልኝ… አቤት አባቱን መምሰሉ!» ይላሉ። ልጁ ስክሪኑን ይልሳል። አንደኛ ዓመቱ ያልፋል፣ ሁለተኛው ያልፋል። እናት «ለፋሲካ እንመጣለን»፣ ለአረፋ የሚሄዱት ደግሞ «ለአረፋ እንመጣለን» ይላሉ። በመጨረሻ የሚኬደው ሲለቀስ ነው። ለለቅሶ መንገድ የማይደፍር የለምና! አያቱን ያላቀፈ ልጅ ቀብሯን ያያል። እኛ የምንቃወመው ይሄንን ነው። ለሞት የምንደፍረውን መንገድ ለልደት እንዳንደፍረው ሆነን መቅረታችንን።

ለዚህ ነው አዳራሹ የሞላው ብለን የምናምነው። ብዙዎች ወጣቶችን «በታይታ ተለክፈው ነው» ይላሉ። ታይታ የለም አንልም። ነገር ግን አያት መምጣት ካልቻሉ፣ እኛም መሄድ ካልቻልን፣ ቢያንስ የሚላክ ፎቶ ያስፈልጋል። ፊኛው የበዛው ሰው ስለጎደለ ነው። ኬኩ ሁለት ፎቅ የሆነው አያት የሚቀመጡበት ወንበር ባዶ ስለሆነ ነው። ያንን ባዶ ቦታ በዲኮር ለመሙላት የሚሞክርን ወላጅ ከመሳደባችን በፊት ይህን ብናስብለት ጥሩ ነው።

የሚነሱብንን ተቃውሞዎች እናውቃቸዋለን። «ሰው የሚበላው አጥቶ እናንተ ሽርሽር ታወራላችሁ?» የሚለው የመጀመሪያው ነው። የምናወራው ሽርሽር በመኪና ኪራይ፣ በሆቴልና በመዋኛ የሚደረገውን አይደለም። ሰባት ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ሚኒባስ ለአንድ ቀን ቢይዝ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ባነር ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ነው። ዕድርና ዕቁብ የፈጠረ ሕዝብ ይህን ማዋጣት አያቅተውም። ቤቶቹ ደግሞ ከበርታም፣ ከሰፋሪውም፣ ከኦሮሞውም፣ ከአማራውም፣ ከሺናሻውም ቢቀላቀሉ የበለጠ ያምራል። በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀው፣ አንዱ ያንዱን ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሄዱ ቤተሰቦች፣ ነገ ክፉ ቀን ቢመጣ ቢያንስ አንዱ የሌላውን ልጅ ስም ያውቃል። በእኛ ክልል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መንገዱ አደገኛ ነው ብላችሁ ደግሞ ውጡ ትላላችሁ» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ማንም ልጁን ይዞ አደጋ ውስጥ ይግባ አንልም። ሹፌሮቹ «ቆይ» ካሉ ይቆያል። ነገር ግን በሰላሙ ቀን፣ በሰላሙ አቅጣጫ፣ በአቅራቢያ ያለውን ማየት ይቻላል። መንገድ እንደ ጓሮ ነው፤ የሚመላለስበት ሲያጣ አረም ይውጠዋል። በመንገዱ ላይ የወታደርና የጭነት መኪና ብቻ ሲመላለስ፣ በየመንደሩ ያሉ ሰዎች ስለኛ የሚያውቁት ወሬ ብቻ ይሆናል፤ እኛም ስለነሱ እንዲሁ። ልጅ ያዘለች እናት ወርዳ ማንጎ ስትገዛ ግን ሻጯ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። «ዛሬ ሁለት ሞላው» ስትባል አንድ ማንጎ ትመርቃለች። እኛ ይሄን ያህል ነው የምንጠብቀው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመንግሥት ወገን የሚመጣው ነው። «ቱሪዝም እየሠራን ነው፣ ታገሱ» ይባላል። ጥሩ። ግን ቱሪዝም ማለት ከውጭ የሚመጣ ነጭ ብቻ ነው ያለው ማነው? የመጀመሪያው ቱሪስት የባምባሲ ልጅ ቢሆን ምናለበት? የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የመንገድ ሰላም እንደ ባለሥልጣናት ጉዞ ሁሉ ለተራው ተሳፋሪም ጉዳዬ ነው ይባል፤ ስለ መንገዱ ሁኔታ ከሹፌር ወሬ የተሻለ ግልጽ መረጃ ይሰጠን። ሁለተኛ፣ በየመንገዱ ሕፃን የያዘ ሰው የሚወርድበት ንጹሕ መጸዳጃና ጥላ ይኑር። ሦስተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ስለ ግድቡ የሚዘፍኑ የክልሉ ልጆች ግድቡንና ንጋት ሐይቅን ወስዶ የሚያሳያቸው ይኑር። የግድቡን ልደት እኛ በየዓመቱ አክብረንለታል። ግድቡ ደግሞ አንድ ቀን የኛን ልጆች ልደት ያክብርልን!

ለወጣት ባለትዳሮች ያለን ምክር ደግሞ ከዚህ ያጠረ ነው። ለልጁ ልደት አትበደሩ። የልደት ቀን ሲመጣ መጀመሪያ «ማንን እናስደስት?» ሳይሆን «ማንን እናግኝ?» በሉ። አያት ካሉ እዚያ ይኬዳል፤ አያት ሩቅ ከሆኑ እንደ አያት የሚሆኑ የጎረቤት አሮጊት አይጠፉም፤ ድፎውን እሳቸው ይባርኩት። ባልና ሚስት በየዓመቱ በየልደታቸው ሁለቱም አይተውት የማያውቁትን አንድ ቦታ ይዩ፤ እግር የሚያደርሰው ቦታ ቢሆንም። በአሥር ዓመት ውስጥ ሃያ ቦታ ማለት ነው። ሃያ ቦታ አብረው ያዩ ሰዎች ሲጣሉ እንኳ የሚያወሩት አያጡም።

ልጆቻችን አድገው «መቼ ተወለድኩ?» ሲሉን የምንመልስላቸውን መልስ ከአሁኑ እናዘጋጅ። አያቶቻችን «በድርቁ ዓመት» ይሉ ነበር። እናትና አባቶቻችን «በለውጡ ዓመት» ይላሉ። እኛስ? «መንገዱ በተዘጋ ዓመት» እንዳንል እንሰጋለን። «ባምባሲ ማንጎ የበላን ዕለት ሁለት ዓመት ሞላህ፣ ንጋትን ያየን ዕለት አምስት ሞላህ፣ አያትህ ቤት የደረስን ዕለት ስድስት ሞላህ» ማለት ብንችል ግን ለልጆቻችን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለንም። ሻማውን እዚያ ስንደርስ እንለኩሰዋለን፤ ነፋስ ቢያጠፋውም ግድ የለም።

መልካም ልደት ለሁላችሁም፤ ቀናችሁን ለምታውቁትም፣ «መስከረም 1 በሉት» ላላችሁትም። መንገዱን ሰላም ያድርግልን። ቸር እንሰንብት!